ሳይመዘገብ የተሸጠ ፈጠራ

መኪና ሲጋጭ ኤርባግ እንዲነፋ የሚያደርገው ማቀጣጠያ ኃይሉን የሚያገኘው ከካፓሲተር ጭምር ነው። ግጭቱ የባትሪውን መስመር ቢበጥሰው እንኳ ካፓሲተሩ ያጠራቀመው ኤሌክትሪክ ማቀጣጠያውን ይለኩሰዋል። ማቀጣጠያው ዓመታት ያለ ሥራ ተቀምጦ በአንዲት ቅጽበት መሥራት ስላለበት፣ ሽቦዎቹን አቅፎ የሚያሽገው የመስታወት ክፍል ሳይቀር የፓተንት ክርክር አስነስቷል።

ተከራካሪዎቹ ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች ነበሩ። የፓተንቱ ባለቤት ኦኢኤ ነበር። ስፔሻል ዲቫይስስ ግን የኦኢኤ ፓተንት ከመነሻው ዋጋ የለውም ሲል ተከራከረ። በአገሩ ሕግ አንድ ፈጠራ ለገበያ ከቀረበ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከቻ ካልገባ መብቱ ይቀራል። ኦኢኤ ደግሞ ከዚያ ጊዜ አስቀድሞ ክፍሉን በብዛት እንዲያመርትለት ከአንድ አቅራቢ ጋር ውል ገብቶ ነበር። «እኔ አስመረትኩ እንጂ ለሕዝብ አልሸጥኩም» ቢልም፣ የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ሕጉ አቅራቢን ከሌላው ሻጭ አይለይም ብሎ ረታው።

ሰዓቱ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ቀደም ሲል በፋፍና በዌልስ ኤሌክትሮኒክስ ጉዳይ ታይቷል። ፋፍ የኮምፒዩተር ቺፕ መሰኪያ ነድፎ ኤፕሪል 8 ቀን 1981 የ30,100 መሰኪያዎች ትዕዛዝ ተቀበለ። ማመልከቻውን ያስገባው ኤፕሪል 19 ቀን 1982 ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998፣ ዕቃው ገና በወረቀት ላይ ቢሆንም ለፓተንት የደረሰና ለሽያጭ የቀረበ ነበር ብሎ ወሰነ። ሰውየው በ11 ቀን መብቱን አጣ።

ደንቡ መሠረታዊ ፍትሕ አለው። ፓተንት ማመልከቻ ከገባበት ቀን አንሥቶ ለ20 ዓመት የሚዘልቅ ብቸኛ መብት ነው። ባለፈጠራው እየሸጠ ቆይቶ ሲመቸው ቢያስመዘግብ፣ የመብቱን ዘመን በራሱ ሥልጣን አራዘመ ማለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 በሔልሲንና በቴቫ ክርክር፣ በምስጢር የተያዘ ሽያጭም ያው ሽያጭ ነው ያለው ከዚሁ ጋር ይስማማል።

ችግሩ ሸክሙ እኩል አለመሆኑ ነው። የራሱ ፋብሪካ ያለው ኩባንያ በግቢው ሲያመርት ማንም ሻጭ አይለውም። ፋብሪካ የሌለው ግን ሌላውን ማዘዝ ግድ ይሆንበታል። ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይህን ልዩነት ተረድቶ በ2016 በሆስፒራ ጉዳይ፣ የዕቃው ባለቤትነት ከአሠሪው ሳይወጣ የማምረት አገልግሎት ብቻ ቢገዛ ሽያጭ አይባልም አለ። መልካም ማሻሻያ ነው። ሆኖም የመብቱ ዕጣ አሁን በውሉ አጻጻፍ ላይ ወድቋል። ጥሩ ጠበቃ ያለው «አገልግሎት» ብሎ ይጽፋል፤ ጠበቃ የሌለው መሐንዲስ ተራ የግዥ ትዕዛዝ ይፈርማል። ሁለቱ የፈጠሩት አንድ ዓይነት ነገር ቢሆንም የሚያገኙት ፍርድ ይለያያል።

ፈጠራ የሚመዘነው በአዲስነቱ ከሆነ፣ ዕጣው በትዕዛዝ ወረቀት ቃላት መወሰን አልነበረበትም። ሕጉ እስኪስተካከል ድረስ ግን መሐንዲሱ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ከመፈረሙ በፊት የቀን መቁጠሪያውን ይመልከት።