ቴስታ በጓሮ

ባለፈው ዕረፍት አረካ ሳለሁ፣ በአንድ ቤት ጓሮ የሚኒባስ ቴስታ ወርዶ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አየሁ። መካኒኩ የቴስታውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ያሸው ነበር። በማግስቱ ተገጠመ። ሳምንት ሳይሞላው ግን ውሃው ከዘይቱ ተቀላቅሎ መኪናው ቆመ። ባለንብረቱ «ድሮም የጓሮ ሥራ!» አሉ። እኔ ግን በዚህ ፍርድ አልስማማም።

የብዙ መኪና ቴስታ አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ደግሞ ብረት ነው። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ሞተሩ ውሃ አጥቶ ሲግል፣ በብሎን ታስሮ የተያዘው ቴስታ ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል።

ከእድሳቱ ብዙው በጓሮ ቢሠራ ነውር የለበትም። ጥላሸቱን መፋቅ፣ ቫልቮላውን ሻካራ ቅባት ቀብቶ በመቀመጫው ላይ እያዞሩ ማሸት፣ ቴስታውን ገልብጦ ላምባ በመሙላት ማፍሰስ አለማፍሰሱን መፈተን፣ ይህ ሁሉ ትዕግሥትና ንጽሕና እንጂ ትልቅ ሕንፃ አይጠይቅም። ጓሮ የማይችለው የተጣመመውን ፊት ማቃናትና ዓይን የማያየውን ስንጥቅ መፈለግ ነው። ብርጭቆ ወረቀት በእጅ ሲገፋ ጣት የተጫነውን ቦታ አብዝቶ ይበላል። ብዙ ሞተሮች የሚታገሡት ጉብጠት ግን ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ይኸውም የአንድ ቅጠል ወረቀት ውፍረት ያህል ነው።

ታዲያ ጥፋቱ መለኪያ ያጣው የመካኒኩ ብቻ ነውን? ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና ውፍረታቸው የተጻፈባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ቢኖሩት ኖሮ፣ ያን ቴስታ ሳይገጥም ሞተር ወደሚያድስ ማሽን ቤት ይልከው ነበር። እኛ የሙቀትን ሕግ ሰሌዳ ላይ ጽፈን ማርክ እናገኝበታለን፤ እርሱ ያንኑ ሕግ እጁ እየተቃጠለ ይማረዋል። ከአረካ ሶዶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሶዶም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርስቲ አለ። መንገዱ እንዲህ አጭር ሆኖ ሳለ በእኛና በእርሱ መካከል ያለው ርቀት ስለምን ረዘመ?

«መካኒክን ማስተማር የተማሪ ሥራ አይደለም» የሚሉ አይጠፉም። እኔም ሄደን እናስተምር አላልኩም፤ ሄደን አብረን እንለካ ነው የምለው። ብሎን ከመሃል ወደ ዳር በየተራ እንደሚጠብቅ እርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቃል። በስንት ኃይል እንደሚጠብቅ የሚናገረው መጽሐፍ ግን በባዕድ ቋንቋ ተጽፏል። ያን ሠንጠረዥ በአማርኛና በወላይትኛ ገልብጦ ለየጓሮው ማድረስ የእኛ ፈንታ ነው። ማኅበራችንም ለዕረፍት ወደየቤታቸው ለሚሄዱ የምህንድስና ተማሪዎች ጥቂት መለኪያ ቢያውስ ወጪው ከአንድ የግብዣ ምሽት አይበልጥም።

ሚኒባስ በቆመ ቀን ሹፌሩና ረዳቱ እንጀራቸውን ያጣሉ፤ ገበያተኛዋም ሸክሟን ተሸክማ በእግሯ ትጓዛለች። የተማርነው በእነርሱ ገንዘብ ነውና ዝምታችን ዕዳ ነው።