የዘር መዝገብ ከበረዶው ይቅደም

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ ከእንጅባራ ደጋ እስከ ዳንግላ ወይና ደጋ ያለው ገበሬ ድንች፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ አምርቶ ከራሱ አልፎ ለገበያ የሚያቀርብ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ትርፍ አምራች መባሉ ከአደጋ አያድነውም። የክረምት በረዶ የአንዱን ጎጥ ሰብል አውድሞ የጎረቤቱን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ጉዳቱ ከወረዳው ጠቅላላ ምርት አንጻር ሲታይ ከቁጥር ላይገባ ይችላል፤ ማሳው ለተመታበት ቤተሰብ ግን የዓመት ቀለብ ነው።

የመንግሥት እርዳታ አሠራር በአመዛኙ የተቀረጸው በድርቅ ልክ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የወሎን ረሀብ ተከትሎ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ያተኮረው የምግብ እጥረት ለዓመታት በቆየባቸው ወረዳዎች ላይ ነው። የባሰበትን ማስቀደም ተገቢ መሆኑ አይካድም። ስለሆነም በረዶ የመታው የትርፍ አምራች አካባቢ ገበሬ ሰሚ የሚያገኘው ጥያቄው በአኃዝ ተደግፎ በወቅቱ ሲቀርብ ነው። ይህም ኃላፊነት በቅድሚያ የሚወድቀው በገበሬ ማኅበርና በቀበሌ መሪዎች ላይ ነው።

ጉዳት ከደረሰ በኋላ በዓይን ግምት የሚዘጋጅ ዝርዝር ግን ብዙ ችግር አለው። ማሳው ከተገለበጠ ወይም ከብት ከገባበት በኋላ የሚመጣ አጣሪ ስንት ቃዳ እንደጠፋ ሊያረጋግጥ አይችልም። ያን ጊዜ ዝርዝሩ በዝምድና ተሞላ የሚል ሐሜት ይነሳል፤ እውነተኛው ተጎጂም አብሮ ይጠረጠራል።

በአሜሪካ ለገበሬዎች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጋፍ በየአካባቢው የሚከታተሉት ኮሚቴዎች ገበሬዎች ራሳቸው የሚመርጧቸው አባላት አሏቸው። ገበሬው የዘራውን የሰብል ዓይነትና የመሬት ስፋት አስቀድሞ ያስመዘግባል፤ ኢንሹራንስ ለሌላቸው ሰብሎች በተዘጋጀው ድጋፍም ጉዳቱን በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚያስፈልገው ደብተርና እርሳስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትጋት ነው። አዝመራው እንደተዘራ በየጎጡ ማን፣ የት፣ ምን፣ ስንት ቃዳ እንደዘራ ቢጻፍ፣ አደጋ ሲደርስ የሚቀረው ሥራ የጠፋውን መለካት ብቻ ይሆናል።

መዝገቡ ሲዘጋጅ የእኩል አራሹ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። የይዞታ ደብተር የሚያሳየው የመሬቱን ባለይዞታ እንጂ የዘራውን ሰው አይደለም። በደብተሩ ብቻ ከተሠራ፣ ዘሩንና ማዳበሪያውን ያወጣው፣ ምናልባትም ብድር ያለበት ወጣት ባዶ እጁን ይቀራል። በአንጻሩ መሬቷን በእኩል የሰጠች አሮጊትም ድርሻዋን አጥታለች። ስለዚህ የሁለቱም ስምና ድርሻ ጎን ለጎን ሊሰፍር ይገባል።

የጊዜውም ጉዳይ ከዚህ ያላነሰ ነው። በሐምሌ በቆሎው የወደመበት ገበሬ በቀናት ውስጥ የጤፍ ዘር ቢያገኝ መሬቱን መልሶ ሊሸፍን ይችላል። መስከረም ላይ የሚደርስ የጤፍ ዘር ግን ወቅቱን የሳተ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚረዳው እርጥበት ይዞ በሚቆይ መሬት ላይ የሚዘራ ሽምብራ ወይም ጓያ ነው። ስለዚህ የሚላከው ጥያቄ “እርዳታ ይሰጠን” ከማለት አልፎ የትኛው ዘር፣ በምን ያህል መጠን፣ እስከ መቼ እንደሚያስፈልግ መግለጽ ይኖርበታል።

በመጨረሻም ዝርዝሩ ወደ ወረዳ ከመላኩ በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። የጎረቤቱን ማሳ የማያውቅ ገበሬ የለምና፣ ከዚህ የተሻለ አጣሪ አይገኝም።