«የዚና ዋጋ ነው» የምትሉ፣ አራት ምስክሮቻችሁ የታሉ?



ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ስሙ በተነሳ ቁጥር መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ተዘጋጅቷል፦ «የዚና ዋጋ ነው።» እኛን የሚያንገበግበን ይህን የሚሉት ጀመዓ የማያመልጣቸው ሰዎች መሆናቸው ነው።

እስቲ በዲናችን ሚዛን እንየው። ሱረቱ አን-ኑር ጥብቅ ሴትን በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ላላመጣ ሰው 80 ግርፋት ደንግጋለች፤ ምስክርነቱም አይቀበሉለትም። የደም ምርመራ ወረቀት ከአራቱ ምስክሮች አንዱ እንኳ አይሆንም። ቫይረሱ በወሊድ ይተላለፋል፣ በጡት ይተላለፋል፣ በደምና በስለትም ይተላለፋል። በአገራችን ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ሴቶች ከወንዶች ይበዛሉ፤ ከእነሱም መሐል ከባሏ በስተቀር ወንድ የማታውቅ ስንት አለች! እሷን ዝሙተኛ ማለት ሐሜት ብቻ መሰላችሁ? ቀዝፍ ነው፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከቆጠሯቸው ሰባት አጥፊ ወንጀሎች አንዱ።

«በእርግጥ ያጠፋስ?» ለሚለን፦ የጋሚዲያዋ ሴት ዚናዋን በራሷ አንደበት አምና ነበር። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ሲሰድባት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉት፤ ጀናዛዋም ተሰገደበት። አንተ ከኻሊድ በላይ ለዲን ተቆርቋሪ ነህ?

ደግሞ «ታዲያ ተደብቆ ይጋባ?» ይሉናል። በጭራሽ። ከሚያገቡት ሰው መደበቅ ማታለል ነው፣ ሐራም ነው። ግን ማወቅ ያለበት ተጋቢው እንጂ ሰፈሩ አይደለም። ዛሬ ግን ወረቀቱ ከሙሽሮቹ እጅ ወጥቶ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌው፣ ከሽማግሌው ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ ቡና ማጣጫው። ይህን ያየ ወጣት እንዴት ብሎ ይመርመር?

መድኃኒቱ በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። በትክክል ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰና በዚያው የቀጠለ ሰው በግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህ ሁሉ ኒዕማ እያለ፣ የሰፈር ሰው እንዳያየው ሌላ ከተማ ድረስ ሄዶ መድኃኒት የሚያመጣ፣ ብልቃጡ እንዳይንኳኳ ጥጥ የሚወትፍ ወንድም አለን። ብዙው ክኒን በቀን አንዴ የሚወሰድ ነው፤ ሐኪም አማክሮ ከኢፍጣር በኋላ ወይም በሱሑር መዋጥ ይቻላል። ቤተሰብ ፊት ላለማውጣት ብሎ የሚዘለው ግን አለ። እሱን የሚጎዳው ጾሙ ነው ወይስ የእኛ ዓይን?

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኛው ላይ መድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል። የመስጊድ ግቢ ከፋብሪካ ግቢ ያንሳል እንዴ?

ከኮሚቴዎቻችን የምንጠይቀው ሩቅ አይደለም። ወረቀቱን ተጋቢዎቹ እርስ በርስ ይተያዩ፤ ፎቶ ኮፒው በመስጊድ ፋይል አይቀመጥ። ጀናዛ አጣቢዎች ለሁሉም ጀናዛ ጓንት ያድርጉ፤ ለአንዱ ብቻ ሲደረግ ቀባሪው ሁሉ ይገባዋልና። እናንተ ወጣቶች ደግሞ በቴሌግራም ግሩፓችሁ የሰው ስም ሲነሳ አራት ምስክሮቹን ጠይቁት። ካላመጣ ከግሩፑ አስወጡት።