የማማው ፍርሃትና የጆሯችን ስልክ

ባለፈው ወር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የሰፈራችን ሰዎች አንድ ወረቀት ይዘው ደጄ መጡ። ከመንደራችን በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ሊተከል የታሰበው የሞባይል ማማ እንዲቀርልን የሚጠይቅ አቤቱታ ነው። ከሠላሳ የማያንስ ፊርማ ሰፍሮበታል። የመንደሩ ሽማግሌ፣ «ዶክተር፣ አንተ የተማርኸው ነገር ነው፤ ከሁላችን ቀድመህ መፈረም ነበረብህ» አሉኝ። አልፈረምሁም። ምክንያቱን በር ላይ ቆሜ ላስረዳ ሞክሬ ስላልሆነልኝ እዚህ ልጽፈው ወደድሁ። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ፍርሃቱ የጅል ፍርሃት አይደለም። ቋንቋችን የፀሐዩንም፣ የራጁንም፣ የስልኩንም «ጨረር» ብሎ በአንድ ስም ስለሚጠራ፣ በሆስፒታሉ የራጅ ክፍል በር ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ያየ ሰው ስለ ማማው ቢሠጋ አይፈረድበትም። ነገር ግን ራጅ ኤሌክትሮንን ከአቶም ነቅሎ የማውጣት ጉልበት አለው፤ የሞባይል ሞገድ ግን ለዚህ ከሚያስፈልገው ጉልበት ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ያንሳል። በእርግጠኝነት የሚታወቀው ጉዳቱ ሙቀት ነው። መላ ሰውነት በእያንዳንዱ ኪሎግራም 4 ዋት ያህል ሲቀበል ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። አይክኒርፕ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ1998 ባወጣውና በ2020 ባሻሻለው መመሪያ፣ ይህን ቁጥር ለ50 አካፍሎ ለሕዝብ የተፈቀደውን ጣሪያ 0.08 ዋት በኪሎግራም አደረገው። ለጭንቅላት ብቻ ሲሆን በ10 ግራም ሥጋ ላይ ተሰልቶ 2 ዋት በኪሎግራም ነው። አሜሪካኖች ጠበቅ አድርገው 1.6 ብለዋል፤ ስሌታቸውም በ1 ግራም ነው።

አሁን ወደ ማማው። በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ 20 ዋት የሚያሠራጭ አንቴና ጉልበቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አጠራቅሞ ሃምሳ እጥፍ ቢያደርገው፣ መቶ ሜትር ርቆ ፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው የሚደርሰው በካሬ ሜትር 0.008 ዋት ገደማ ነው። የተፈቀደው 4.5 ዋት ነው። ልዩነቱ ከአምስት መቶ እጥፍ ይበልጣል። አንቴናው ሦስት አራት ቢሆንም ነገሩ ብዙ አይለወጥም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2006 በማማዎች አካባቢ የተለካው ከተፈቀደው ከ0.002 እስከ 2 በመቶ ብቻ መሆኑን ጽፏል። ይህን ለጎረቤቶቼ ስነግራቸው አንዲት እናት፣ «ታዲያ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው እኮ» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጣሪያው ግን ቀን ከሌሊት ለሚኖሩበት ሰዎች ታስቦ የወጣ ነው።

ሰዎቹ ያላሰቡት ጉዳይ ሌላ ነው። ከማማው ይልቅ ለአንጎላችን የሚቀርበው ስልኩ ነው። ስልክ ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ የሚያናግረው ሲርቅበት ይጮኻል። ማማው ቅርብ ሲሆን ሹክሹክታ ይበቃዋል፤ ማማው ሲርቅ ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል። የድሮው ሁለተኛ ትውልድ ስልክ በ900 ሜጋኸርዝ እስከ 2 ዋት ይደርሳል፤ የሚያሠራጨው በየተራው ስለሆነ አማካዩ 0.25 ዋት ገደማ ነው፤ ያም ጆሮ ላይ ተለጥፎ። ስለዚህ ማማ በማባረር ጨረር የሚቀንስ የሚመስለው ሰው፣ በራሱ ጆሮ ላይ ያለውን እየጨመረ ነው። ከዳባት አልፎ በደባርቅና በስሜን ተራሮች ሥር፣ ገደል ለገደል፣ አንድ መስመር ምልክት ፍለጋ ስልኩን ወደ ሰማይ የሚያነሣውን ገበሬ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የደጋው ሰው ከጎንደር ከተሜ ይልቅ ብዙ ሞገድ የሚቀበለው ማማ ስላጣ ነው።

ስለ ካንሰሩ የሚነሣውንም ልሸሸው አልፈልግም። በ2011 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው መደብ ውስጥ አስገባው። እዚያው መደብ ውስጥ የእሬት ቅጠል ጭማቂ እንዳለ ግን ማንም አይነግረንም። በዓለም ጤና ድርጅት ጥያቄ ተሠርቶ በ2024 የወጣ፣ 63 ጥናቶችን የመረመረ ሥራ በሞባይል ስልክና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም። እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው። ሆኖም ሕፃን ልጅ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰዓታት እንዲያወራ አልፈቅድም፤ ጥንቃቄው ምንም ስለማያስከፍል።

እንግዲህ የማማው ሰዎች ንጹሕ ናቸው? አይደሉም። የመንደሩ ሰው ስለ ማማው የሰማው ቆፋሪዎቹ አካፋና ዶማ ይዘው ሲመጡ ነው። በ2023 ነሐሴ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት በጨለማ ቆየን፤ መቼ እንደሚመለስ የነገረን አልነበረም። ሲቆረጥበት ያልተነገረው ሕዝብ ሲተከልለት ቢጠራጠር ምን ይደንቃል? ፈረንሳይ አገር ማንኛውም ነዋሪ ቤቱ ውስጥ ያለው ሞገድ እንዲለካለት ጠይቆ ያለ ክፍያ ይለካለታል፤ ውጤቱም ሁሉ በሚያየው ካርታ ላይ ይወጣል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲህ ያለውን ልኬት በአማርኛ በየማማው አጥር ላይ እንዲያስለጥፍ እጠይቃለሁ። እኛ መምህራንም ከወቀሳ አናመልጥም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ በዳባት ልደትና ሞት ሲቆጥር ኖሯል፤ ያንን የመሰለ መዝገብ ይዘን በአንድ መለኪያ ደጋውን ለመዞር ማንን እንጠብቃለን?

አቤቱታውን መልሼ፣ በሌላ ወረቀት «ማማው ከመተከሉ በፊትና በኋላ ይለካልን፤ ውጤቱም ይለጠፍልን» ብዬ ጻፍሁና ያንን ፈረምሁ። እስካሁን ስድስት ሰው ተከትሎኛል፤ ሽማግሌው ገና እያሰቡበት ነው።

እናቴ ከዳባት ወዲያ ባለ መንደር ትኖራለች። ስልክ ለማንሣት ከቤቷ ጀርባ ያለውን ጉብታ ትወጣለች። ስልኩን ከጆሮሽ አርቀሽ በድምፅ ማጉያው አውሪ ብዬ ስመክራት እሺ አለች። አሁን ስደውልላት ምክሬን የሚሰማው ከብት ጠባቂው ሁሉ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ስለ ደመወዜ ጠይቃኝ መልሱን አብረው ሰሙት።