ትንንሽ አይሮፕላኖች ሲያርፉ ስለሚደርሰው አደጋ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ስታርፍ ከመንደርደሪያው ወጥታ ክንፏ ተሰበረ ሲባል፣ ሰው ካልሞተ በቀር ወሬው ከአንድ ቀን አያልፍም። በየቢሮው በሻይ ሰዓት የሚሰማውም ፍርድ አንድ ነው፤ «ነጂው አይችልበትም» ይባልና ይዘጋል። ይህ አፈራረድ እንዳንማር የሚያደርገን ስለ መሰለኝ ጥቂት ቃል እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

የአገራችን ከፍታ መዘንጋት የለበትም። የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ መለኪያው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ አይሮፕላኗ በእውነቱ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ትበራለች። በዝቅተኛ አገር የተማረ ነጂ መሬቱ ሲሮጥበት አይቶ ፍጥነቱን ያለ ልክ ቢቀንስ ክንፎቿ ሊሸከሟት ያቅታቸዋል። መለኪያውን አምኖ በትክክል ቢወርድም ፍሬኑ የሚያበርደው ጉልበት ሲሶ ያህል ይጨምርበታል። ሜዳው አጭር፣ ሣሩም እርጥብ ከሆነ የሚሆነውን አንባቢ ይገምተው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። አወራረዱ ያላማረው ነጂ ጊዜ ሳያልፍ ሞተሩን አጠንክሮ ይነሣል፣ ዞሮም ይመለሳል። ነገር ግን ዞሮ የመጣውን ነጂ እኛው ተሳፋሪዎቹ «ሳተው!» ብለን እንስቅበታለን። ሳቅ የፈራ ሰው ደግሞ የመንደርደሪያው እኩሌታ ካለፈ በኋላም ቢሆን ማረፉን አይተውም።

ነገሩ ጥንትም ነበረ። በ1923 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሲሰናዳ፣ ሁበርት ጁልያን የተባለው የትሪኒዳድ ተወላጅ ጂፕሲ ሞዝ የተባለችውን የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ ትንሽ አይሮፕላን አስነሥቶ ከባሕር ዛፍ ላይ ጣላት። ሰውየው ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ስለ ምክንያቱ ግን እርሱ ሌላ፣ ተመልካቹ ሌላ ሲናገር ቀረ፤ ለሚቀጥለው ነጂ የተረፈ ትምህርት አልነበረም።

በሺካጎ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ውል 13ኛ አባሪ፣ የምርመራ ዓላማ አደጋው እንዳይደገም ማድረግ ብቻ እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ እንዳልሆነ ይደነግጋል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰዎች ስላለቁበት አደጋ የተደረገው ምርመራ ለዓለም ሁሉ ተገልጧል። ሰው ያልሞተበት የትንሽ አይሮፕላን አደጋ ግን ነጂው በሕይወት ስላለ፣ ያየውንና ያሰበውን ሊናገር ስለሚችል፣ ከዚያ ይበልጥ ያስተምር ነበር።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ክፍሎች የእነዚህን አደጋዎች የምርመራ ውጤት፣ የነጂውን ስም ሳይጠሩ፣ በቀላል አማርኛ በጋዜጣ እንዲያወጡልን በትሕትና አሳስባለሁ። ለሥራ ወደ ጠረፍ በትንሽ አይሮፕላን የሚላከው የመንግሥት ሠራተኛም፣ ነጂው ዞሮ ሲመጣበት ዝም ብሎ ቀበቶውን ማጥበቅ ይበቃዋል።

አንድ አንባቢ
ከአዲስ አበባ