የቆየው ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ

በብዙ ቤት፣ በቁም ሣጥን አናት ላይ፣ አንድ አሮጌ ካሜራ ተቀምጦ ይገኛል። አባት በጉልምስናው ዘመን ሠርጉንና ክርስትናውን ሲያነሣበት የኖረ፣ ፊልም እየተወደደና ፊልም አጣቢው እየጠፋ ሲሄድ የተተወ ዕቃ ነው። ልጆችም ባዩት ጊዜ «ከእንግዲህ ምን ይሠራል?» እያሉ በርካሽ ሊሸጡት ያስባሉ። ዳሩ ግን የካሜራው አካል ሥራውን ቢጨርስም፣ ከፊቱ ያለው ሌንስ ሥራውን አልጨረሰም። የሌንስ ሥራ ብርሃንን ሰብስቦ ምስልን መጣል ነውና፣ ከበስተኋላው የሚቀበለው ፊልም ቢሆን ወይም ዲጂታል ካሜራ ለእርሱ ልዩነት የለውም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ወደ ካሳራኒ እንሂድ። ካሳራኒ በናይሮቢ ከተማ፣ በቲካ መንገድ አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። በዚያ የሚገኘው ታላቁ ስታዲየም በ1987 እ.ኤ.አ. ለተደረገው ለ4ኛው የመላው አፍሪካ ጨዋታ የተሠራ ሲሆን፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ተካሂዶበታል። የአገራችን ልጅ ታደሰ ወርቁ በ3,000 ሜትር ሩጫ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው በዚሁ ስፍራ ነው።

ናይሮቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። ከእነርሱ መካከል አንዱ ወጣት የሩጫ ፎቶግራፍ ማንሣት ይወዳል እንበል። አዲስ ካሜራ ገዝቶ ለሌንስ የሚከፍለው ገንዘብ ቢያጥረው፣ አባቱ በተዉለት 135 ሚሊሜትር ሌንስ ሊጠቀም ይችላልን? ይችላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የርቀት ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ሌንስ ከሚገጠምበት አፍ አንሥቶ እስከ ፊልሙ ድረስ የተወሰነ ርቀት ይፈልጋል። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው የኒኮን ኤፍ ዓይነት ርቀቱ 46.5 ሚሊሜትር ነው። ዛሬ መስተዋት በሌላቸው ካሜራዎች ይህ ርቀት እጅግ አጥሯል፤ በሶኒ ኢ 18፣ በኒኮን ዜድ 16 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የኒኮን ኤፍ ሌንስ በሶኒ ኢ ላይ ሲገጠም የጎደለውን 28.5 ሚሊሜትር የሚሞላ የብረት ቀለበት በመካከል ይገባል። ይህም ቀለበት አዳፕተር ይባላል። ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ምስሉን አያበላሽም። በአንጻሩ አዲሱ ካሜራ ከሌንሱ የሚበልጥ ርቀት ካለው ችግር ይመጣል። የካኖን ኤፍዲ ሌንስ 42 ሚሊሜትር ሲፈልግ የካኖን ኢኤፍ ካሜራ 44 ሚሊሜትር ስለ ሆነ፣ በባዶ ቀለበት ብቻ ቢገጠም የሩቁን ነገር አጥርቶ ሊያነሣ አይችልም።

ሁለተኛው የካሜራው ቅንብር ነው። አሮጌው ሌንስ ከካሜራው ጋር በኤሌክትሪክ ስለማይነጋገር፣ ካሜራው ሌንስ የሌለው መስሎት ላያነሣ ይችላል። ስለዚህ ያለ ሌንስ እንዲያነሣ የሚፈቅደውን ትእዛዝ አስቀድሞ ማብራት ያስፈልጋል። የብርሃኑን መግቢያ የሚያሰፋውና የሚያጠበው ሰው ራሱ ነው፤ ምስሉንም የሚያጠራው ቀለበቱን በእጁ እያዞረ ነው። አዳዲሶቹ ካሜራዎች በዚህ ረገድ ያግዛሉ፤ የጠራውን ጠርዝ በቀለም ያሳያሉ፣ ምስሉንም አጉልተው ያቀርባሉ። ደግሞም የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ከፊልም መጠን ያነሰ እንደ ሆነ፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ እንደ 75 ሚሊሜትር ያህል አቅርቦ ያነሣል።

እንግዲህ ሯጭ እየሮጠ ቀለበት ማዞር እንዴት ይቻላል የሚል ጥያቄ ይነሣል። መፍትሔው ሯጩን መከተል ሳይሆን ቀድሞ መጠበቅ ነው። ወጣታችን ሌንሱን በመጨረሻው መስመር ላይ አጥርቶ እጁን ከቀለበቱ ያነሣል። የብርሃኑን መግቢያ ኤፍ 8 ላይ ቢያደርገው የሚጠራው ስፍራ ይሰፋለታል፤ ሯጩም እንዳይደበዝዝ ፍጥነቱን 1 ሺህኛ ሴኮንድ ያደርጋል። የ3,000 ሜትር ሯጮች ከፍጻሜው በፊት በዚያ መስመር 7 ጊዜ ስለሚያልፉ፣ ወጣቱ 7 ጊዜ ልምምድ አገኘ ማለት ነው።

ሌንሱን ከመጠቀም ወይም ከመግዛት በፊት መመርመር ተገቢ ነው። በአንድ በኩል ባትሪ እያበሩ በሌላው በኩል ቢመለከቱ፣ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። በብርሃን መግቢያው ስስ ብረቶች ላይ ዘይት ካለም ጥገና ያሻዋል። ሻጋታ እርጥበት ይወዳልና፣ በአዲስ አበባ ክረምት ሆነ በናይሮቢ የዝናብ ወራት ሌንስን በቆዳ ማኅደር ዘግቶ ማኖር ጉዳት አለው፤ ደረቅና አየር ያለው ስፍራ ይሻለዋል። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ይሁን እንጂ አሮጌ ሌንስ ለሁሉ ነገር ይበጃል አንልም። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ምስሉ ሊነጣ ይችላል፤ ሕፃናት ሲሯሯጡ ለመከተልም አስቸጋሪ ነው። የሰው ሠርግ ለማንሣት ገንዘብ የተቀበለ ሰው በእርሱ ብቻ መታመን የለበትም።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚበልጠው ግን የሰው ጽናት ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ የተወለደው መሐመድ አሚን በ1984 እ.ኤ.አ. በኮረም ያነሣው የረኃብ ፊልም ዓለምን ለእርዳታ አነሣሥቷል። በ1991 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በደረሰ የጥይት መጋዘን ፍንዳታ ግራ እጁን ቢያጣም፣ በሰው ሠራሽ እጅ ወደ ሥራው ተመልሶ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን አደጋ እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ሠርቷል።

ስለዚህ ወላጆች የተዉትን ካሜራ ከመሸጥ በፊት አውርዶ መመልከት ይገባል። ሌንሱ ደኅና ከሆነ፣ የአንድ ቀለበት ዋጋ ብቻ ተከፍሎ የአባት ዕቃ ለልጅ እንጀራ ሊሆን ይችላል። አባትም በሕይወት ካሉ፣ ቀለበቱን አዙሮ ማጥራትን ለልጃቸው ማስተማር የሚችሉ እርሳቸው ናቸውና፣ ዛሬውኑ መጠየቅ መልካም ነው።