መጽሐፉን ዘግቶ መጠየቅ

የፈተና ወራት በደረሰ ጊዜ በየቤቱ መብራት ሳይጠፋ ያመሻል። እናት ልጇ እስከ እኩለ ሌሊት በደብተሩ ላይ አጎንብሶ ስታየው ደስ ይላታል፤ አባትም «ልጄ እያጠና ነው» ብሎ ልቡ ያርፋል። ነገር ግን ውጤቱ ሲታወቅ ያ ሁሉ ድካም ፍሬ ሳያፈራ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከልጆቹ አቅም በላይ የሆነ ብዙ ምክንያት ስላለ ጥፋቱን ሁሉ በእነርሱ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም በተማሪው እጅ ያለ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የአጠናን ልማድ ነው።

ብዙ ተማሪ ማጥናት የሚለው ደጋግሞ ማንበብን ነው። ደብተሩን ሦስት ጊዜ ያነበበ ልጅ ቃሉ ሁሉ ለዓይኑ የተለመደ ስለሚሆን ነገሩን ያወቀው ይመስለዋል። ዳሩ ግን የተጻፈውን አይቶ መለየት ሌላ፤ ጽሑፉ በሌለበት ከልብ ማውጣት ሌላ ነው።

ይህን የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ዐውቀውታል። የቃል ትምህርት የሚማር ተማሪ ማታ፥ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ፥ ከመምህሩ ወይም ከታላቁ ተማሪ ፊት ተቀምጦ የተማረውን በቃሉ ይላል፤ ሲስትም ይታረማል።

የዘመኑም ምርምር ይህንኑ መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ምሁራን ተማሪዎችን ሁለት ጽሑፎች አስነበቡ። ከዚያም አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ፥ ከሌላው ግን ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡትን አብልጠው አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ካነበቡት 42 ከመቶ ሲያስታውሱ፥ ሳያዩ ከጻፉት 56 ከመቶ አስታወሱ። ለፈተና የሚጠቅመን እንግዲህ ለሳምንት የሚዘልቀው ዕውቀት ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፤ አንድ ምዕራፍ ካነበባችሁ በኋላ መጽሐፉን ዝጉ። በባዶ ወረቀት ያስታወሳችሁትን ጻፉ፤ ቀጥሎም ገልጣችሁ አመሳክሩ፤ የጎደለውንም በቀይ ቀለም አስገቡ። የነገ ሥራችሁን የሚያሳያችሁ ያ ቀይ ቀለም ነው። በሒሳብም የተሠራውን ምሳሌ ማየት አይበቃም፤ መልሱን ሸፍናችሁ ራሳችሁ ሥሩት። አንድን ትምህርት በአንድ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከመያዝ ይልቅ በስድስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት መያዝ ይሻላል፤ በማግሥቱ፥ በሦስተኛው ቀን፥ በሳምንቱም ተመለሱበት። በፈተና ዋዜማ ግን በጊዜ ተኙ፤ ያጠኑትን የሚያጸናው እንቅልፍ ነውና።

ወላጆችም፤ ልጃችሁ ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ አትቁጠሩ። ሴት ልጃችሁንም ከማጀት ሥራ አሳርፋችሁ የጥናት ጊዜ ስጧት። ከእራት በኋላ ደብተሩን ተቀበሉና «ዛሬ የተማርኸውን እስቲ አስረዳኝ» በሉት። ይህን ለማድረግ ፊደል መቁጠር እንኳ አያስፈልግም። ልጁ እያስረዳ ሳለ ያልገባው ቦታ ሲደርስ ይደናቀፋል፤ ጉድለቱንም ከማንም በፊት እርሱ ራሱ ያውቀዋል። ጉድለት በቤት ውስጥ፥ በእናትና በአባት ፊት ቢታወቅ ይታረማል፤ በፈተና አዳራሽ ሲታወቅ ግን ጊዜው አልፏል።